በርበሬ ጆንያ ውስጥ የሰነበተው ኦርጋን

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ ሰርግ የሚሆን በርበሬ ልገዛ በርበሬ በረንዳ ሄጄ፣ ገና ከመግባቴ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰኝ። ጆንያው ላይ የተቀመጠው ነጋዴ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ስይዝ አይቶ፣ «ይማርዎት እትዬ! ለሰፈሩ እንግዳ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። «አንተ ሳትወለድ እዚህ ጆንያ ላይ ተኝቼ ያደግኩ ነኝ» አልኩት። «እንግዲያው በርበሬው ረስቶዎታል» አለና እሱም ሳቀ። አልረሳኝም። እኔም አልረሳሁትም። በርበሬ ባስነጠሰኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ወጥ ሳይሆን ኦርጋን ነው፤ እግሮቹ የተፈቱ፣ በእናቴ ጋቢ የተጠቀለለ ቀይ ኦርጋን። ነገሩን እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከተናገርኩት በኋላ ደግሞ መጻፍም አማረኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ፊደሉን ልጄ ታርመዋለች፣ ነገሩ ግን የእኔ ነው።

እናቴ ዛላ በርበሬ የምትሸጠው አሁን ያ ባለ መስታወት ሕንፃ የቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ያኔ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ጆንያ፣ በመሃል የሰው ጫጫታ ነው፤ ሌላ የለም። ዛሬም ተሸካሚዎቹ «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ሲመጡ ግድግዳ ላይ እለጠፋለሁ፤ ያኔም እለጠፍ ነበር። ይህ አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላው ሁሉ ነው። ሃምሳ ሳንቲም ይዞ ከቤት የወጣ ልጅ ሲኒማ ራስ ገብቶ፣ ሲወጣ ትኩስ ፓስቴ በልቶ፣ የፊልሙን ዘፈን ቋንቋውን ሳያውቅ እየዘፈነ ይመለስ ነበር። ወንዶቹ ታቹ መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ይለብሳሉ፤ ፀጉራቸው የተነፋ ድፎ ዳቦ ያክላል። ሴቶቹ ከጉልበት በላይ የቀረ ቀሚስ ለብሰው፣ ታኮ ጫማቸው ድንጋዩ መሃል እየተቀረቀረ፣ አንዷ ሌላዋን ይዛ ይሄዳሉ። የካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ አውጥተው እርስ በርስ ይፎካከራሉ፤ ከአንደኛው ሱቅ እስከ ሌላው ስትራመዱ ዘፈኑ እግራችሁ ሥር ይለወጥባችኋል። ወንድሜ ደምሴ ሁለቱን ዘፈኖች እኩል የሚሰማባት አንዲት ቦታ ነበረችው። እዚያች ላይ ይቆምና ዓይኑን ይጨፍናል። «ወንድም ጋሼ፣ ሰው ይገፋሃል፣ ኪስህን ያወልቁሃል» እያልኩ እጁን እጎትተዋለሁ። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል፤ የምፈራው ግን እኔ ነኝ። በልጅነቴም እንዲሁ ነበርኩ። ምድጃው ጠፍቷል ወይ ብዬ ሁለቴ ሳልመለስ ከቤት አልወጣም። ዛሬም ልጄ «እማ፣ በሩ ተቆልፏል፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ» ሳትለኝ ታክሲ ውስጥ ገብቼ አልቀመጥም።

ደምሴ በረንዳ ላይ ስፌት መኪና ዘርግቶ ልብስ ይሰፋ ነበር። ኦርጋኑን የገዛው ሀገር ለቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ ነው፤ ሦስት ዓመት አጠራቅሞ በሦስት መቶ ብር። ሦስት መቶ ብር ያኔ ስንት እንደ ሆነ ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይቸግራል፤ እናቴ ዋጋውን ስትሰማ ቁጭ አለች ብል ይበቃል። «ይኼ የሚበላ ነው የሚለበስ?» አለችው። «የሚሰማ ነው» አላት። ለሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ደጃፋችን ላይ ሲመታው የሰፈሩ ሰው ግጥም ብሎ ቆመ፤ ከወሎ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ «አንቺ፣ ይኼ ልጅ እኮ የተባረከ ነው» ሲሏት ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲያ ሰው በመጣ ቁጥር የኦርጋኑን ልብስ የምትገልጠው እሷ ሆነች። ማታ ማታ ኖታ ከሚያስተምረው ሰው ዘንድ ይሄዳል፤ ደብተሩን የምይዝለት፣ ያጠናውን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ዶ ሬ ሚን ያወቅኩት እንዲህ ነው፤ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ። ከግራ ጫፍ ያለችው ነጭ ቁልፍ የመጀመሪያዋ ዶ ናት። በግራ እጁ ዶን፣ ሚን፣ ሶልን ባንድ ላይ ሲጫን ቤቱ መሠረት የወጣለት ይመስል ነበር።

ታዲያ ዘመኑ የፍተሻ ዘመን ነበር። ማን ማንን እንደሚፈትሽ፣ ለምን እንደሚፈትሽ እኔ ያኔም በደንብ አልገባኝም፣ አሁንም አላወራበትም። እኔ የማውቀው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መሆኔን፣ ውኃ ልቀዳ በቆምኩበት ሰልፍ ላይ አንዷ «የሙዚቃ ዕቃም ሊወስዱ ነው አሉ» ስትል መስማቴን ነው። ደምሴ ለለቅሶ ወደ ሶዶ ሄዶ ነበር። ሲሄድ ጣቱን ቀስሮ «አሰሉ፣ ኦርጋኑን እንዳትነኪው። ልብሱን እንኳ እንዳታነሺው» ብሎኛል። አሰለፈች ነው ስሜ፤ አሰሉ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ከውኃው ሰልፍ ስመለስ ግን የወንድሜን ሦስት ዓመት ተሸክመው ሲወጡ በዓይኔ ታየኝ። እናቴ ገበያ ናት። ጓዳችን ውስጥ ለገበያ የተዘጋጀ ዛላ በርበሬ በጆንያ ተደርድሯል። እንግዲህ የበርበሬ በረንዳ ልጅ ዕቃ ሲደብቅ የት ይደብቃል? እጁን ደፍሮ የማይከትበት ቦታ ነዋ! የኦርጋኑን እግሮች ፈታሁ፣ በጋቢ ጠቀለልኩት፣ አንዱን ትልቅ ጆንያ አጋድሜ ግማሹን በርበሬ ዘረገፍኩና ኦርጋኑን አስገባሁት። ዙሪያውን፣ ከላይም ዛላ ሞላሁበት። አፉን ስሰፋ እጄ እየነደደ፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ ከእኔ የበለጠ ብልህ የለም ብዬ አስብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እውነትም መጡ። ሦስት ናቸው። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ እናቴም ለምሳ ተመልሳለች። አልጋ ሥር አዩ፣ ሣጥን ከፈቱ፣ ጓዳ ገቡ። አንደኛው ያንኑ ጆንያ በያዘው ዱላ አንዴ ወጋው። ሁለተኛ ሊወጋ ዱላውን ሲመዝ ብናኙ ተከትሎት ወጣና አስነጠሰው። ከዚያ ጓደኛውን አስነጠሰው። ሦስተኛው ደጅ ወጥቶም አልተወውም። እናቴ ምንም ስለማታውቅ በሙሉ ልቧ ለያንዳንዳቸው «ይማርህ፣ ልጄ ይማርህ» ትላለች። አንዱ ዓይኑን እያሸ «እመት፣ ስኳር የደበቀ ጎረቤት ካለ ይንገሩን» አላትና ሄዱ። ስኳር! የሚፈልጉት ስኳር ኖሯል። ኦርጋን ከነ መኖሩም አያውቁ። ጆንያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እናቴ በርበሬው መስሏት ውኃ ሰጠችኝ።

ደምሴ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ቀን አወጣሁት። ዱላው ጋቢውን በግራ በኩል በስቶታል። ዛላው ተፈርክሶ ፍሬውና ብናኙ በቁልፎቹ መሃል ገብቷል። ያን ጊዜ ብተወው፣ ገልብጬ ባራግፈው ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። እኔ ግን ጥንቁቅ ነኝ፤ ንጹሕ አድርጌ ማስረከብ አለብኝ። ጨርቅ በውኃ ነክሬ ወለወልኩት። በርበሬና ውኃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ እኔን የመሰለች የነጋዴ ልጅ ማወቅ ነበረባት። ተቦካ። የሚታየውን ጠረግኩ፤ የማይታየው ውስጥ ገብቶ ደረቀ። እግሮቹን መለስኩ፣ ልብሱን አለበስኩት፣ ነጭ ሽንኩርት ልልጥ ቁጭ አልኩ።

ደምሴ በማግሥቱ ገባ። እጁን ሳይታጠብ ኦርጋኑን ከፈተ። ግራ እጁን አሳረፈ። ሚም ሶልም ጮኹ፤ ዶ አልጮኸችም። ብቻዋን ነካት። ደግሞ ነካት። ዞር ብሎ አየኝ።

«አሰሉ፣ ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ጎንበስ ብሎ ቁልፎቹን በቅርበት ተመለከተ። አንዴ አስነጠሰውና «መንገድ ላይ ብርድ መቶኛል» አለ። ልብሱን መለሰና ወጣ። ያ ነው የተባባልነው። ሬዲዮ ለሚጠግን ሰው ወስዶ አሳይቶት ነበር፤ ሰውየው «ለአንዲት ቁልፍ ብለህ ሁሉን አታስፈታኝ፤ ዕቃውም አይገኝ» ብሎ መለሰው። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦርጋን በተመታ ቁጥር የማልሰማውን ብቻ ነው የምሰማው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አንዲት ቁልፍ ናት ብዬ እተወው ነበር። ግን በዚያው ወር አንድ የቲያትር ቤት ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሊፈትን ነው ተባለ፤ ተፈታኙ የገዛ ዕቃውን ይዞ ይቅረብ ተብሏል። ደምሴ ለዚያ ነው ሁለት ዓመት ማታ የተማረው። በዕለቱ ቡኒ ሱሪውን ተኩሼለት፣ ባለ ረጅም ኮሌታ ሸሚዙን ለብሶ፣ ኦርጋኑን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ኦርጋኑን አስቀመጠ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። እናቴ እንኳ አልጠየቀችውም። እኔማ እንዴት አድርጌ ልጠይቅ? እድሜ ልኩን ልብስ ሰፊ ሆኖ ኖረ። ሚስት አገባ፣ ሚስቱም ሞተች፤ እሱ ግን ስለዚያ ቀን ቃል አልወጣውም። እኔ በልቤ መልሱን ይዣለሁ፦ ዶን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ወንድሜን ከባንዱ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

እሑድ እሑድ ግን ሰርግ ይመታ ነበር። ያችን የሙሽራ ዜማ ያወጣት ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት ነው። ቃል የላትም፤ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ተነሥታ ደጃፉን እስክትሻገር የምትመታ ናት። የሰፈሩ እናቶች ልጃቸው ስትዳር «ደምሴ ሳይመታላት አትወጣም» ይሉ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። እትዬ ዘሃራ ስለ ዜማዋ የተናገሩትን አልረሳውም፤ «ልትቀመጥ ትልና ተነሥታ ትሄዳለች። ልክ እንደ ልጅ» አሉ። ለእኔም መታልኝ። ድንኳኑን አልፌ ስወጣ የማለቅሰው ቤቴን ስለምለቅ የመሰለው ብዙ ሰው ነበር።

ዛሬ ደምሴ እኔ ዘንድ ነው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቶት የቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ አንደበቱም ተይዟል፤ አንዲት ቃል ለማውጣት እንደ ምጥ ይታገላል። ሐኪሙ ሁለተኛ ከመጣ እንደሚያሰጋ ነግሮናል። ያ ኦርጋን ከተሸጠ ቆይቷል። ልጄ ትዕግሥት ሕፃናትን ሙዚቃ ታስተምራለች፤ ይኼን ከእኔ አልወረሰችውም። ሰርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «ሌላ ዘፈን አልፈልግም፤ በጋሼ ደምሴ ዜማ ነው የምወጣው» ብላ ቆረጠች። ሰርግ የሚመቱት ልጆች ደግሞ ዜማዋን አያውቋትም፤ «በወረቀት ጻፊልንና እስከ ሰኞ አምጪልን» አሏት። ስለዚህ ኮምፒውተሯ ላይ ኖታ በሚጽፍ ፕሮግራም ትጽፈው ጀመር። እኔ ኮምፒውተሩን እፈራዋለሁ፤ ሻይ ይዤ በዚያ በኩል አላልፍም። አምስት መስመር ተሰምሮበታል፣ በላዩ ላይ ከወንፊት ያመለጠ ጥቁር አዝሙድ የመሰሉ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። እኔ ዜማውን በእንጉርጉሮ እላታለሁ፣ እሷ ትለቅማለች። ከዚያ አንዲት ነገር ስትጫን ኮምፒውተሩ ራሱ ይመታዋል።

ዜማውን ብቻውን ስታሰማው ደምሴ ትራሱ ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። በማግሥቱ ኮርዶቹን፣ ባንድ ላይ የሚጮኹትን ድምፆች፣ ከሥር ጨምራ አመጣችለት። በተማረችው መሠረት ነው የጻፈችው፤ ዶ ታች፣ ሚ መሃል፣ ሶል ላይ፣ እንደ ተደራረበ ሰሐን። ገና ከመጀመሩ ደምሴ ፊቱ ተቋጠረ። ደህነኛውን ግራ እጁን አንሥቶ፣ መዳፉን ወደ ታች ገልብጦ አየሩን ይጫን ጀመር።

«ጮኸብዎት ጋሼ? ልቀንሰው?» አለችና ድምፁን ቀነሰች። ራሱን በእምቢታ ወዘወዘ። እኔ ትራሱ ከፍ ብሎበት መስሎኝ አንዱን አወጣሁለት። ይባስ ተናደደ። መዳፉን ደግሞ ደጋግሞ ወደ ታች ተጫነ፤ በመጨረሻ «እምም!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትዕግሥት ኮምፒውተሩን ዘጋችው። ኩሽና ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። «ዜማው ልክ ነው እማ፣ ኖታውም ልክ ነው። ምኑ እንደ ከፋቸው አልገባኝም። እሳቸው ካልወደዱትማ አላስመታውም፤ ሌላ ዘፈን ይመቱልኝ።»

እኔ ምኑ እንደ ከፋው ገብቶኛል። ገና ሲጀምር ሰምቻታለሁ። እዚያ ዜማ ውስጥ ጮኻ የማታውቀው ዶ፣ ከሁሉ በታች ተደላድላ ተቀምጣ ትጮኻለች። ያንን ለመናገር ግን እንዴት አወቅሽ ለሚለው መመለስ አለብኝ። ሁለት ቀን አወጣሁ፣ አወረድኩ። ብናገር፣ ወንድሜ አልጋ ላይ ሆኖ፣ መልስ መስጠት እንኳ በማይችልበት ሰዓት ሕይወቱን ያበላሸሁበት እኔ እንደ ሆንኩ ማወቁ ነው። ደንግጦ ሁለተኛው ቢመጣበትስ? ዝም ብል ደግሞ ልጄ የአጎቷን ዜማ ሳትይዝ ትወጣለች፤ እሱም ዜማው እንደ ተሳሳተ ይሄዳል። በዚህ መሃል ነው ቅዳሜ ለበርበሬ የሄድኩት፤ እዚያም ያስነጠሰኝ። ነጋዴው «ይማርዎት» ሲለኝ እናቴ ለሦስቱ ፈታሾች ስትል ታየችኝ። በርበሬውን በጆንያ አስጭኜ ቀጥታ ቤት ገባሁ። ነጠላዬንም አላወለቅኩ።

«ትዕግሥት፣ ያንን ኮምፒውተር አምጪው፤ አጎትሽ ዘንድ።»

«እማ ተይው በቃ፣ አታስቆጫቸው…»

«አምጪው አልኩሽ። ታችኛዋን አውጪልኝ።»

«የቷን ታችኛ?»

«ዶን። እሷ አትጮህም።»

ልጄ አፏን ከፈተች። «አንቺ ደግሞ ዶን ከመቼ ወዲህ ነው የምታውቂያት?»

«አንቺ ሳትወለጂ። አውጪያት።»

«ካጠፋኋት ኮርዱ ጎዶሎ ይሆናል እኮ እማ።»

«አታጥፊያት። ወደ ላይ ትውጣ። ከሶል በላይ ትቀመጥ፤ አጎትሽ የሚመታት የላይኛዋን ዶ ነበር።»

ልጄ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ከዚያ ነጠብጣቧን ነካ አድርጋ ሁለት ቁልፍ ባንድ ላይ ስትጫን፣ ታች የነበረችው ዶ ዘልላ ከላይ ቁጢጥ አለች። ሚ ከታች ቀረች። «ይኼ እኮ ኢንቨርሽን ነው» አለች ቀስ ብላ፤ «የተገለበጠ ኮርድ። ያው ሦስት ድምፅ ነው፣ ታች የሚቀመጠው ብቻ ይለወጣል።»

«ያው ሦስቱ ናቸው?»

«ያው ሦስቱ።»

ፈራሁ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል ነው ያደግኩት። ሦስት ጉልቻ አገላብጬ ምን ላመጣ ነው አልኩ። ልጄ በዜማው ውስጥ ያሉትን እንደዚያ ያሉ ኮርዶች አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው፤ የዶ ነጠብጣቦች ተራ በተራ እየዘለሉ ወጡ። ከዚያ አስመታችው።

እሷው ናት። ልትቀመጥ ትልና ተነሥታ ትሄዳለች። የድንኳኑ ሽታ፣ የእናቴ እጅ ጀርባዬ ላይ፣ እትዬ ዘሃራ ከኋላ እልል ሲሉ፣ ሁሉም መጣ። ደምሴ ፊቱን ከግድግዳው አዞረ። የግራ እጁ ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግተው ይጫናሉ፤ ሦስት ጣት፣ ሦስት ጣት።

«እማ» አለች ትዕግሥት፣ «እንዴት አወቅሽ?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ለእሷ ሳይሆን ለእሱ ነገርኩት። «ወንድም ጋሼ፣ ኦርጋንህን የነካሁት እኔ ነኝ። ይወስዱታል ብዬ ፈርቼ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። በዱላ ወጉት። ከዚያ ደግሞ በውኃ አጠብኩት። ዶህን እኔ ነኝ የገደልኳት። የጠየቅከኝ ጊዜ ዋሸሁህ። ፈተናውንም… በእኔ ጦስ ነው የወደቅከው።» ይኼን ስል እጁን ይዤ ነበር። ፊቱን እያየሁ፣ ከንፈሩ ተጣመመ ወይ፣ ዓይኑ ፈጠጠ ወይ እያልኩ፣ ሐኪሙ ተጠንቀቁ ያለንን ምልክት ሁሉ እፈልግበታለሁ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ታገለ። «በር…» አለ። ቆመ። ደግሞ ታገለ። «በርበሬ» አለ።

«አዎ፣ በርበሬ ውስጥ ነው የ…»

እጄን ጨመቀው። አትጨርሺው እንደ ማለት ራሱን ወዘወዘ። «አ…ው…ቃለሁ።» ከዚያ አፍንጫውን በግራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ያን ቀን ጎንበስ ብሎ ያስነጠሰው ብርድ መቶት አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን አውቋል። ያን ሁሉ ዘመን በየሰርጉ ቁጭ ብሎ በመታ ቁጥር በርበሬው ይሸተው ኖሯል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ለምን አልተቆጣኸኝም? ፈተናውን እንኳ…»

«አል…ገባሁም» አለ።

አልገባኝም። ትዕግሥት ጎንበስ ብላ «የት ነው ያልገቡት ጋሼ?» አለችው።

«ፈ…ተና። በሩ… ድረስ።» ዓይኑን ጨፈነ። «ፈራሁ።»

በሩ ድረስ ተሸክሞት ሄዶ፣ ሌሎቹ ሲመቱ ሰምቶ፣ ፈርቶ ተመልሷል። ቁልፏ ብትሞትም ባትሞትም። እኔ ከዚህ ቤት የሚፈራ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስኖር፣ የሱን ፍርሃት በእኔ ጥፋት ሥር ሸፍኜለት ኖሬያለሁ፤ እሱም የእኔን ጥፋት በብርድ ሸፍኖልኝ ኖሯል። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ። እጄን አለቀቀውም።

ቀና ስል ደምሴ ያንን መዳፉን ደግሞ ወደ ታች ይጫናል። ደነገጥኩ። «አሁን ደግሞ ምኑ ነው? ልክ ሆኗል እኮ!» ትዕግሥት ግን ጣቱ ወዴት እንደሚያሳይ ዓይኗን ተከለች። ወደ ኮምፒውተሩ፣ ወደ መስመሩ መጨረሻ፣ ዜማዋ ወደምታልቅበት።

«የመጨረሻዋን ብቻ ነው? መጨረሻዋ ላይ ዶ ወደ ታች ትመለስ?»

ነቀነቀ።

«እርስዎ ግን እንደዚያ መተውት አያውቁም…»

ለረጅም ጊዜ ታገለ። ሁለታችንም አልረዳነውም፤ ቃሉ ራሱ እስኪመጣ ጠበቅን። «ትቀ…መጥ» አለ። ጣቱን ከኮምፒውተሩ አንሥቶ ወደ ልጄ፣ ወደ ሙሽራዋ ቀሰረ። «እሷስ… ትቀመጥ።»

ልጄ በመዳፏ እንባዋን ጠረገችና ሁለቱን ቁልፍ ተጫነች። ከላይ የነበረችው ዶ ወደ ታች ወረደች። ከመጀመሪያው አስመታችው። ዜማዋ ልትቀመጥ አለች፣ ተነሥታ ሄደች፤ ልትቀመጥ አለች፣ ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ፣ ከሁሉም ሥር፣ ዶ ጮኸች። ወፍራም፣ ሙሉ፣ ቤቱን ከመሠረቱ የያዘች። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ እንዲህ ሰምቻት አላውቅም።

ድምፁ አለቀ። ከዚያ ደምሴ ግራ እጁን አፍንጫው ላይ አደረገና፣ ዓይኑን ወደ እኔ ጠምዝዞ፣ በተጣመመው አፉ ሆን ብሎ «አጢሽ!» አለ። አንዳችን «ይማርህ» አንዳችን «ይማርዎት» አልን፤ ከዚያ ሦስታችንም ሳቅን፤ እሱ በግማሽ ፊቱ፣ ከሁላችንም በላይ።

ወረቀቱ ሰኞ ጠዋት ለሙዚቀኞቹ ልጆች ደርሷል። የሰርጉ በርበሬ ጓዳ ነው፤ ነገ ተቀንጥሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ኮምፒውተሩን ብናኝ እንዳይደርስበት ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ልጄ ትስቅብኛለች፣ ትሳቅ።